ፍራሽ ስንገዛ፦ ለስላሳው ይሻላል ወይስ ጠንካራው?



ሰው ከዕድሜው ሲሦ ያህሉን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። 60 ዓመት የኖረ ሰው 20 ዓመት ገደማውን በመኝታው ላይ ነበር ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ በግ ስንገዛ ላቱን እንዳብሳለን፤ በሬ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን እናያለን፤ ጤፍ ስንገዛ በመዳፋችን ዘግነን እንመረምራለን። ፍራሽ ስንገዛ ግን የጨርቁን አበባ ተመልክተን፣ በዋጋው ተከራክረን፣ አስጠቅልለን እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወገባችን የሚከፍለውን ዋጋ ማንም አያሰላውም። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ከቁርበት እስከ ስፖንጅ

በግንደወይን፣ በአጠቃላይም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የጮቄ ብርድ ሲመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ከላይ ስለሚለብሰው ነገር ነው። ጋቢው፣ ቡልኮው፣ ብርድ ልብሱ ይደራረባል። ከሥር ያለው ግን ይረሳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በመደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ አቅም ያለውም በጠፍር አልጋ ላይ አጎዛ ደርቦ ይተኙ ነበር። ቀጥሎ ገለባ የተጠቀጠቀበት ፍራሽ መጣ፤ ከዚያ የጥጥ ፍራሽ፤ ከዚያም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጠቅልሎ የሚመጣው ስፖንጅ። በአንዳንድ ቤት እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ይገኛሉ፦ አያት በቁርበት፣ እናትና አባት በስፖንጅ፣ ልጆች በገለባ ፍራሽ ላይ።

እኛም በመድረሳ ስንማር የምንተኛው በቁርበት ላይ ነበር። በወጣትነት ዕድሜ አጥንት ሁሉን ይችላል። ዛሬ ግን በአስተማሪነታችን ከወላጆች ጋር ስንጫወት በተደጋጋሚ የምንሰማው አቤቱታ አለ፤ ይኸውም «ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት ወገቤን ይዞኝ እነሣለሁ» የሚል ነው። ለፈጅር ሶላት ሲነሡ ሩኩዕ ማድረግ የሚያስቸግራቸው፣ ረፈድ ሲል ግን ሕመሙ የሚለቃቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው አስቀድሞ የተኛበትን ነገር መመርመር ይገባዋል።

«ጠንካራ ለወገብ ይበጃል» የሚባለው እውነት ነውን?

ለረጅም ዓመታት ወገቡን የታመመ ሰው ሲማከር የሚሰጠው መልስ «በጣውላ ላይ ተኛ» የሚል ነበር። ሐኪሞችም ይህንኑ ይመክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ግን ነገሩን በሌላ መልክ አሳየ። በስፔን አገር የተደረገው ይህ ጥናት ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም የነበረባቸውን 313 ሰዎች ያካተተ ነበር። ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በጣም ጠንካራ በሆነ ፍራሽ፣ ግማሾቹ ደግሞ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ፍራሽ ላይ ለ90 ቀናት እንዲተኙ ተደረገ። በመጨረሻ ሲታይ በመካከለኛው ፍራሽ የተኙት ሰዎች በመኝታቸውም ሆነ ከመኝታቸው ሲነሡ የሚሰማቸው ሕመም ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ፤ የዕለት ሥራቸውንም ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ያከናውኑ ነበር።

ምክንያቱ ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። የጀርባችን አከርካሪ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንገታችንና ወገባችን ጋ ወደ ውስጥ፣ ጀርባችን ጋ ወደ ውጭ ይጎብጣል። በጣውላ ወይም በመደብ ላይ ስንተኛ መሬቱን የሚነካው ትከሻችንና መቀመጫችን ነው፤ ወገባችን በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ጡንቻውም ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያነጋል። በጣም በለሰለሰ ፍራሽ ላይ ደግሞ ከባዱ የሰውነታችን ክፍል፣ ማለትም ዳሌያችን፣ ወደ ታች ይሰምጥና ሰውነታችን እንደ ተንጠለጠለ ገመድ ይለመጣል። መልካም ፍራሽ ትከሻና ዳሌ በመጠኑ እንዲገቡ የሚፈቅድ፣ ወገብን ግን ከሥር የሚደግፍ ነው። መካከለኛ የሚባለው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ለአንዱ መካከለኛ የሆነው ለሌላው ይጠነክርበታል። ወፍራም ሰው ጠንከር ያለውን፣ ቀጭን ሰው ለስለስ ያለውን ይፈልጋል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ክብደቱ ሁሉ በትከሻውና በዳሌው ላይ ስለሚያርፍ ለስለስ ያለው ይስማማዋል። በጀርባው የሚተኛ ከዚህ ጠንከር ያለውን፣ በሆዱ የሚተኛ ደግሞ የበለጠ ጠንካራውን ይሻል። በቀኝ ጎን መተኛት የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና እንደ መሆኑ ይህን ልማዳቸው ያደረጉ ቤተሰቦች ድንጋይ የመሰለ ፍራሽ ባይመርጡ ይሻላቸዋል።

ስፖንጁ ምንድን ነው?

ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬቴን የሚባል ነገር ነው። ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎች ከጥቂት ውኃ ጋር ሲደባለቁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይፈጠራል፤ ድብልቁም እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል። የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም ይኸው ጋዝ ነው። ድብልቁ ሲደርቅ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ጥንካሬና እፍጋት አንድ አይደሉም። ጥንካሬ ማለት ስንጫነው ምን ያህል ይቋቋመናል ማለት ነው። እፍጋት ማለት ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ውስጥ ስንት ኪሎ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ጠንካራ መስሎ የሚታይ ስፖንጅ እፍጋቱ አነስተኛ ከሆነ ቶሎ ይሰረጉዳል። ለስለስ ያለ ሆኖ እፍጋቱ ከፍ ያለ ስፖንጅ ግን ለብዙ ዓመት ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ጥንካሬው ለወገብ ነው፤ እፍጋቱ ለዕድሜ ነው። ሁለቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነጋዴው እፍጋቱን ባያውቀው ገዥው ራሱ ሊያገኘው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ሜትርና የእህል ሚዛን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ አለ እንበል። 1.90 በ1.20 በ0.15 ሲባዛ 0.342 ሜትር ኩብ ይሆናል። ፍራሹ ሲመዘን 9 ኪሎ ቢሆንና ለጨርቁ ግማሽ ኪሎ ብንቀንስ 8.5 ኪሎ ይቀራል። 8.5 ለ0.342 ሲካፈል 25 ገደማ ይመጣል። በዚሁ መጠን የተሠራ ሌላ ፍራሽ ከነጨርቁ 6 ኪሎ ተኩል ቢመዝን እፍጋቱ ከ18 አይደርስም። ሁለተኛው ለእንግዳ ወይም ለትንሽ ልጅ ይሆን ይሆናል፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በየሌሊቱ ቢተኙበት ግን ብዙ ሳይቆይ መካከሉ ይጎደጉዳል። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ያላችሁ ሒሳቡን ለእርሱ ስጡት፤ በትምህርት ቤት የተማረው ይዘት ለቤተሰቡ ሲጠቅም ያያል።

ክብደት ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። ስፖንጁ ሲሠራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተጨምሮበት ክብደቱ ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲታሽ ይፈረፈራል፤ በመዳፍ ተጭነው ሲለቁትም ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል። ደህናው ስፖንጅ ወዲያው ይመለሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት

አንደኛ፣ የጨርቁ ዚፕ ይከፈት። ውስጡ አንድ ወጥ ስፖንጅ ነው ወይስ ቁርጥራጭ ተለጣጥፎ ከላይ ብቻ አዲስ የለበሰ? ቁርጥራጭ ተጨፍልቆ የተሠራ ፍራሽ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል። ነውሩ እንደ ወጥ ተቆጥሮ በወጥ ዋጋ ሲሸጥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ስላገኙት፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበውታል። በንግድ የተሰማራችሁ ወንድሞቻችን ይህን ነገር በፍራሽ ላይ ብታስቡት መልካም ነው። ዚፑን ገዥው ሳይጠይቅ የሚከፍት ነጋዴ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ተኝቶ መሞከር ነው። ጫማን አውልቆ፣ በለመዱት አተኛኘት ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መጋደም። በጀርባ ተኝቶ እጅን በወገብ ሥር ማስገባት፤ እጅ ያለ ምንም ችግር ወዲያና ወዲህ የሚያልፍ ከሆነ ፍራሹ ጠንክሯል፤ ጭራሽ አልገባም ካለ ለስልሷል፤ በመጠኑ እየተጨናነቀ ካለፈ ተስማምቷል። በሱቅ ውስጥ በሰው ፊት መጋደም ለእህቶቻችን እንደማይመች የታወቀ ነው። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጉልበት ፍራሹን ተጭኖ ከሥር ያለው ወለል ይሰማ እንደሆነ ማየት፣ ጠርዙም ላይ ተቀምጦ መሞከር ይቻላል። ከዚህ የሚሻለው ግን ፍራሹ የማይስማማ ከሆነ ሳይቆሽሽ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ከነጋዴው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። ባል ብቻውን ሄዶ በራሱ ወገብ ለክቶ ባይመጣም ይመረጣል፤ በዚያ ፍራሽ የምትተኛው፣ በእርግዝናዋም ጊዜ በጎኗ የምትጋደመው ሚስቱም ናትና።

ሦስተኛ፣ ክብደታቸው የተራራቀ ባልና ሚስት ቀጭን ፍራሽ ባይገዙ ይሻላል። አንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ።

ከሥር ያለውን አንርሳ

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የፍራሹ አይደለም። የጠፍር አልጋ ጠፍሩ ሲላላ፣ የሽቦ አልጋም ሽቦው ሲረግብ፣ ከላዩ የተነጠፈው ምንም ዓይነት ፍራሽ ቢሆን አብሮ ይሰምጣል። እንዲህ ዓይነት አልጋ ያለው ሰው አዲስ ፍራሽ ከመግዛቱ በፊት ጠፍሩን ያስወጥር፤ ወይም ከፍራሹ ሥር ጣውላ ያንጥፍ። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ እፎይ ይላል።

በመደብ ወይም በአፈር ወለል ላይ ስፖንጅ ማንጠፍ ሌላ ችግር አለው። ከሰውነታችን የሚወጣው ላብና ከመሬቱ የሚነሣው እርጥበት ከሥር ተገናኝተው ሻጋታ ያወጣሉ። ከሥሩ ጣውላ ወይም ሰሌን ይደረግ፤ ጠዋት ጠዋትም ፍራሹ በጎኑ ቆሞ አየር ያግኝ። በክረምት ይህ እጅግ አስፈላጊ ነው። ስፖንጁን በጠራራ ፀሐይ ማስጣት ግን አይገባም፤ ፀሐይ ያቢጨዋል፣ ያፈራርሰዋል። በፀሐይ የሚሰጣው ጨርቁ ነው፤ ስፖንጁ በጥላ ይናፈስ። ሦስት ሦስት ወር እየቆዩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞርም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የጥጥ ፍራሽ ያለው ሰው በስፖንጅ መቅናት አያስፈልገውም። የጥጥ ፍራሽ የሚጠነክረው ጥጡ ተጨፍልቆ ስለሚጓጉል ነው። ጥጡን አውጥቶ፣ በፀሐይ አስጥቶ፣ በደጋን አስነድፎ መልሶ ቢሞላው እንደ አዲስ ይሆናል። የገለባ ፍራሽም ቢሆን በየመከሩ ገለባው ከተለወጠና በደንብ ከደረቀ የሚናቅ አይደለም።

ስለ ትኋን አንድ ነገር እንጨምር። ትኋን የሚደበቀው በስፌቱ፣ በአልጋው ስንጥቅና በግድግዳው ቀዳዳ ነው። ልብስና ጨርቅን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ፣ በአልጋው ስንጥቆችም የፈላ ውኃ ማፍሰስ ይገድለዋል። ለእህል ወይም ለማሳ የተሠራ የተባይ መድኃኒት በፍራሽ ላይ መርጨት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሌሊቱን ሙሉ መርዝ እየተነፈሱ ማደር ነው፤ ይልቁንም ለሕፃናት። እንዲሁም ስፖንጅ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ ጭሱም መርዛም ነው። ኩራዝ፣ ሻማና የከሰል ምድጃ ከመኝታ ይራቁ።

ለሕፃን፣ ለተማሪ፣ ለታማሚ

ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚተኛበት ጠንከር ያለና ደልዳላ መሆን አለበት። ለእናትና አባት የሚስማማው ለስላሳ ፍራሽ ለእርሱ አደጋ ነው፤ ፊቱ ከገባበት መተንፈስ ያቅተዋል። ትራስም አያስፈልገውም። በጀርባው ይተኛ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ምክር ለወላጆች በሰፊው ከተሰጠ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል።

ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለያይ በሐዲሥ ታዝዘናል። ለዚህም ውድ ፍራሽ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ቀለል ላለው የልጅ ሰውነት ቀጭን ስፖንጅ ወይም በወጉ የተሠራ የጥጥ ፍራሽ ይበቃል።

ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው በግንደወይን ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ግን ያሳስቡናል። የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ መኝታቸው ግን ሦስት ሆነው በአንድ ስስ ስፖንጅ በወለል ላይ ነው። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱን ብርድና ወለል ሲከለክሉት ያደረ ሊሆን ይችላል። ወላጆች፣ ሽሮና በሶ ስታዘጋጁ ስለሚተኛበትም ጠይቁት። ደረቅ ገለባ የሞላው ጆንያ ከስፖንጁ ሥር ቢደረግ እንኳ ቅዝቃዜውን ይከላከላል።

አልጋ ላይ የዋለ ታማሚ ወይም አዛውንት ያለበት ቤት ደግሞ ጠንካራውን ፍራሽ ይተው። አጥንቱ የሚጫነው ቆዳ ደም አጥቶ ይቆስላል። ለስለስ ያለና ወፈር ያለ ስፖንጅ ይደረግለት፤ በየሁለት ሰዓቱም ከጎን ወደ ጎን ይገላበጥ። ማገላበጡ ከፍራሹ ይበልጣል።

ፍራሽ የማያድነው ሕመም

ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ከወደቁ በኋላ ከጀመረ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከተጨመረበት ፍራሽ መለወጥ ጊዜ ማባከን ነው። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታ አከርካሪንም ይይዛል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በመጨረሻ

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍራሽ የተምር ዛፍ ቃጫ የተሞላ ቆዳ እንደ ነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑመርም (ረ.ዐ.) ሰሌኑ በጎናቸው ላይ ምልክት አትሞ አይተው አልቅሰዋል። ለቤት የሚበቃው መኝታ ለባል፣ ለሚስትና ለእንግዳ መሆኑን፣ ከዚያ የተረፈው ከንቱ መሆኑንም ከሐዲሥ እንማራለን። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ለሰርግ ሲባል ብድር ገብታችሁ ወፍራሙን ፍራሽ ግዙ ማለታችን አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ባላችሁ ገንዘብ ለወገባችሁ የሚስማማውን ለይታችሁ መግዛት ነው። መግዛት ያልቻለም ጠፍሩን ያስወጥር፣ ጥጡን ያስነድፍ፣ ጣውላው ላይ ቡልኮ አጥፎ ይደርብበት። ከመተኛታችን በፊት መኝታችንን ማራገፍ ደግሞ ሱና ነው፤ ለዚህም ምንም ወጪ የለበትም።

አላህ ካለ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን። እስከዚያው ጣፋጭ እንቅልፍና በጊዜው የሚነሣ ሰውነት ይስጠን።